የቤት ኮምፒዩተር በደጋው አገር፦ ከፕሮሰሰሩ በፊት ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን

በላስታ ደጋማ አካባቢ በምትገኘው ገነተ ማርያም የሚኖር መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለቤቱ ኮምፒዩተር ለማስገጣጠም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ የፕሮሰሰሩን ዓይነት የሚመለከት ነው። ነጋዴውም በዋጋ ዝርዝሩ አናት ላይ ጎላ አድርጎ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ በዚያ ሥፍራ ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ሲበላሽም ሊጠገን መቻል አለመቻሉን የሚወስኑት ከዝርዝሩ ግርጌ የሚቀመጡት ሁለት ዕቃዎች ማለትም ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ናቸው።

ወጪው ለመንግሥት ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በሌላ በኩል ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የኮምፒዩተር ዕቃ በአመዛኙ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው የምንዛሪውን ተመን ተከትሎ ይጓዛል። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አንሥቶ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሚያስፈልገው ሜሞሪ በመብዛቱ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ የተገዛ ዕቃ የበርካታ ወራት ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ችግር ርቀቱ ነው። የዕቃው ዓይነትና ምርጫ በስፋት የሚገኘው በአዲስ አበባ ሲሆን ከዚያ እስከ ላሊበላ ያለው የመኪና መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገነተ ማርያም ደግሞ ከላሊበላም ወጣ ብላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ለመዲናው ነዋሪ የተሳሳተ ዕቃ መመለስ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ለላስታው ነዋሪ ግን አመላላሽ ሰውና ሳምንታት ይጠይቃል። ስለዚህ እዚያ የሚገዛ ሰው መለኪያው "የትኛው ይፈጥናል?" ከሚለው ይልቅ "የትኛው ሲበላሽ በቀላሉ ይተካል?" የሚል ቢሆን ይመረጣል።

ከዚህ ላይ "ታዲያ ላፕቶፕ ቢገዛስ?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መብራት በየዕለቱ በሚጠፋበት ቀበሌ የሚኖርና ኮምፒዩተሩን ብቻውን የሚጠቀም ሰው ባትሪ ያለውን ላፕቶፕ ቢመርጥ አያስወቅሰውም። ነገር ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመነ መንግሥት እንደታነጸች የሚነገርላት የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት ተፈልፍላ እንደወጣች ሁሉ፣ ብዙዎቹ የዛሬ ቀጫጭን ላፕቶፖችም አንድ ወጥ ናቸው፤ ሜሞሪያቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ አይጨመርበትም፣ አይቀየርም። ለቤተ ክርስቲያን ክብር የሆነው ለኮምፒዩተር ጉድለት ይሆናል። ባለ ኬዙ ኮምፒዩተር ግን ክፍሎቹ የተነጣጠሉ ስለሆኑ አንዱ ሲሞት አንዱ ብቻ ይለወጣል፤ ለቤተሰብ ሁሉ የሚያገለግልም ነው።

ማዘርቦርድ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። የትኛው ፕሮሰሰር እንደሚገባ፣ የትኛው ትውልድ ሜሞሪና ስንት እንደሚቀበል፣ የትኛው ዲስክ እንደሚሰካበት የሚወስነው እርሱ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል፤ ከግድግዳው ሶኬት ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። የአንዱ ሶኬት ፕሮሰሰር በሌላው ላይ ፈጽሞ አይገጥምም። ከሜሞሪም ዲ.ዲ.አር.4 የሚባለው በዲ.ዲ.አር.5 ቦርድ ላይ አይገባም፤ መሐሉ ላይ ያለው ቁርጥ የተቀመጠበት ቦታ የተለያየ ነውና። በኃይል ልግጠም ያለ ሰው ሁለቱንም ይሰብራል።

አነስተኛ በጀት ላለው ገዢ ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኤ.ኤም.ዲ. ኩባንያ ከ2009 ዓ.ም. አካባቢ አንሥቶ ሲያመርትበት የቆየው ኤ.ኤም.4 የተባለው ሶኬት ነው። ይህ ሶኬት ዕድሜው የገፋ ቢሆንም ጥቅሙ እዚያው ላይ ነው፤ በርካታ የፕሮሰሰር ትውልዶችን ያስተናገደ በመሆኑ አዲስም ሆነ ያገለገለ ዕቃ በገበያው በብዛት ይገኛል። ሁለተኛው የኢንቴል ኩባንያ ኤል.ጂ.ኤ. 1700 ሲሆን የ12ኛውን፣ የ13ኛውንና የ14ኛውን ትውልድ ፕሮሰሰሮች ይቀበላል። በዚህኛው ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ቦርዱ በሁለት ዓይነት መመረቱ ነው፤ አንዱ ለዲ.ዲ.አር.4፣ ሌላው ለዲ.ዲ.አር.5። ሁለቱም በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን፣ ስማቸውም በአንድ ፊደልና ቁጥር ብቻ ተለይቶ ሊገኙ ይችላሉ።

ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥ፣ ለልጆች ትምህርትና ለቪዲዮ ከኤ.ኤም.ዲ. ወገን ራይዘን 5 5600 ጂ፣ ከኢንቴል ወገን ኮር አይ 3 12100 ከበቂ በላይ ናቸው። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ብዙ ታስከፍላለች። በኤ.ኤም.ዲው ስም መጨረሻ ያለችው "ጂ" የምስል ማሳያ ክፍሉ ከፕሮሰሰሩ ጋር መኖሩን ታመለክታለች፤ ያለ "ጂ" የሚሸጠው ራይዘን 5 5600 የምስል ክፍል የለውም። ኢንቴል በአንጻሩ የምስል ክፍል በሌለው ላይ "ኤፍ" የምትባል ፊደል ይጨምራል። "ኤፍ" ያለበት ፕሮሰሰር ጥቂት ስለሚረክስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ከኤ.ኤም.ዲ. ወገን ኤ 520፣ ከኢንቴል ወገን ኤች 610 የተባሉት ዝቅተኛ ቦርዶች ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ያሉት የሚጨምሩት ፍጥነት ማናሪያ ለቤት ሥራ የሚፈይደው ነገር የለም። ይልቅ የቦርዱን ጀርባ ማየት ይጠቅማል። በቤት ያለው ስክሪን አሮጌ ከሆነ ቪ.ጂ.ኤ. የሚባለው ባለ 15 ቀዳዳ መሰኪያ በቦርዱ ላይ መኖሩ የአዲስ ስክሪን ወጪ ያስቀራል። ብዙዎቹ ርካሽ ቦርዶች ዋይፋይ የላቸውም፤ በሞባይል ኢንተርኔት የሚጠቀም ቤተሰብ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ መቀበያ አብሮ ማሰብ አለበት። ያገለገለ ቢ 450 ቦርድ ከ5600 ጂ ጋር የሚገዛ ደግሞ የቦርዱ ባዮስ ይህንን ፕሮሰሰር እንዲያውቅ የታደሰ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስነሥቶ ማየት ይኖርበታል፤ ካልታደሰ ቦርዱም ፕሮሰሰሩም ጤነኛ ሆነው ኮምፒዩተሩ አይነሣም።

ሦስተኛ መንገድ አለ ከተባለ ከውጭ ቢሮዎች የወጡ ወይም በመሥሪያ ቤቶች የንብረት ማስወገድ ጨረታ የሚሸጡ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ዋጋቸው ይማርካል፤ ብዙዎቹም ጠንካሮች ናቸው። ሁለት ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ የደኅንነት ድጋፉ ማብቃቱ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም፤ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። የ4ኛውና የ6ኛው ትውልድ ኮምፒዩተሮች ዛሬ በርካሽ የሚጣሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እነዚህ በሊኑክስ አሁንም ያገለግላሉ፤ ለዊንዶውስ ብሎ መግዛት ግን አያዋጣም። ሁለተኛው፣ እንደ ዴልና ኤች.ፒ. ያሉ ኩባንያዎች ለቢሮ የሚሠሯቸው ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሰፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው የራሳቸው ቅርጽና መሰኪያ ያለው መሆኑ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ከገበያ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይተካውም። ይህ በገነተ ማርያም ላለ ሰው ኮምፒዩተሩን ሳጥን አድርጎ የሚያስቀር ጉዳይ ነው።

ወደ ፓወር ሰፕላይ ስንመጣ፣ በአገራችን በእጅጉ የሚናቀው ክፍል እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኬዙ ጋር "በነጻ" ተሰጠ ሲባልም ይሰማል። ሥራው ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ወደሚጠቀምበት 12 ቮልትና ከዚያ በታች መለወጥ ነው። የመስመሩ ኃይል ሲዋዥቅ በቅድሚያ የሚመታው እርሱ ሲሆን፣ ርካሹ ሲሞት ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱንም ይዞ ይሞታል።

የሚመረጠው ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ በማንበብ ነው። በመጀመሪያ የግቤቱን ቮልት ማየት ይገባል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ኃይሉ ምሽት ላይ ወደ 170 ወይም 160 ቮልት ቢወርድም ሥራውን ይቀጥላል፤ ከ200 እስከ 240 ብቻ የሚለው ግን በዚያው ሰዓት ኮምፒዩተሩን ያጠፋዋል። በአንዳንድ አሮጌዎች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለ። ይህ በ115 ላይ ሆኖ ከመስመራችን ጋር ከተገናኘ በቅጽበት ይፈነዳል፤ ከመሰካት በፊት መቀየሪያውን ማየት የግድ ነው።

ቀጥሎ የኃይሉ መጠን ነው። በትልቁ "500 ዋት" ተብሎ መጻፉ ብዙም አያስተማምንም። እውነተኛው ቁጥር በሠንጠረዡ ውስጥ ከ12 ቮልት በታች የተጻፈው አምፔር ነው። አምፔሩን በ12 ማባዛት ነው፤ 34 አምፔር ከሆነ 408 ዋት ይሰጣል፣ 14 አምፔር ከሆነ ግን 168 ዋት ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የትኛውንም ያህል ቢሆን። ከላይ የተጠቀሱት ፕሮሰሰሮች ያሉበት ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከ150 ዋት እምብዛም ስለማያልፍ፣ እውነተኛ 400 ወይም 450 ዋት ያለው ከበቂ በላይ ነው። 80 ፕላስ የሚለው የብቃት ምልክት ካለው ይመረጣል። በእጅ ሲያነሡት ላባ የሚያህል ከሆነም ውስጡ ባዶ መሆኑን መጠርጠር አይከፋም።

"ኬዙ ይነዝረኛል" የሚለው ቅሬታ በብዙ ቤቶች ይሰማል፤ ብዙዎችም ኮምፒዩተሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የመስመሩን ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ እነዚህ ጥቂት ኃይል ወደ ኬዙ ይለቅቃሉ። ይህ ኃይል በኤርዝ ሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ የታሰበ ነው። ቤቱ ኤርዝ ከሌለው፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ኤርዝ በሌለው ርካሽ ማከፋፈያ ከተሰካ፣ ኬዙ ላይ ወደ 110 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይቀመጣል። መጠኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከመንዘር አያልፍም፤ ነገር ግን ኃይለኛ ንዝረት ከሆነ የሽቦ መላላጥ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሊያየው ይገባል። መፍትሔው እርጥበት ባለው መሬት ውስጥ በሚገባ የተቀበረ የኤርዝ ዘንግና ባለ ሦስት ሽቦ መስመር ነው። ይህን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒዩተር ጠጋኝ አይደለም።

በዕንጨት ምሰሶ በተዘረጉ መስመሮች ላይ ደግሞ የከፋ አደጋ አለ። ኒውትራል የሚባለው ሽቦ በነፋስ ወይም በዛፍ ሲበጠስ በአንዳንድ ቤቶች የሚገባው ኃይል ከ220 ቮልት ተነሥቶ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። በአንድ ሰፈር ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ በአንድ ሌሊት ተቃጠለ ሲባል አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህንን ስታቢላይዘር አይመልሰውም፤ ራሱም ሊቃጠል ይችላል። ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠውና ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ መስመሩን ቆርጦ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚመልሰው መከላከያ ግን ለኮምፒዩተርም ያገለግላል፤ ዋጋውም ከሚጠብቀው ዕቃ ጋር አይወዳደርም። በክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው የኃይሉንም የኔትወርኩንም ገመድ መንቀል ነው።

ዩ.ፒ.ኤስ. የሚገዛ ሰው ከዕቃው የማይገኝ ነገር ባይጠብቅ መልካም ነው። በትንሹ ዩ.ፒ.ኤስ. ውስጥ ያለው ባትሪ በአብዛኛው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ኮምፒዩተሩና ስክሪኑ በአንድነት 80 ዋት ቢወስዱ ባትሪው በፍጥነት ሲለቅ ከሚባክነው ጋር ተደማምሮ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያገለግላል። ይህ ጽሑፍን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል፤ ለማምሸት ግን አይበቃም። ላሊበላና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ለረጅም ወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየታቸው ይታወሳል፤ እንዲህ ላለው ጊዜ የሚፈይደው የፀሐይ ኃይል እንጂ ዩ.ፒ.ኤስ. አይደለም።

የደጋው አየር ራሱ በምርጫው ውስጥ ይገባል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሲሆን በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የኮምፒዩተር ፋን ሙቀት የሚያወጣው በአየር በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ ሥራው ይደክማል። ደግነቱ የላስታ ብርድ ይህን በአመዛኙ ያካክሳል፤ ለ65 ዋት ፕሮሰሰር አብሮት የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃል። ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮችና ቻርጀሮች ላይ የሚገኘው የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ነው። ትርጉሙ የዕቃው የደኅንነት ምርመራ የተደረገው እስከዚያ ከፍታ ብቻ መሆኑን ይገልጻል፤ ሳሳ ያለ አየር በሁለት ሽቦ መካከል ያለውን ኃይል የመከልከል ዐቅሙ ያነሰ ነውና። ዕቃው እዚያው ይቃጠላል ማለት አይደለም፤ እስከ 5000 ሜትር የተፈተነ በተመሳሳይ ዋጋ ከተገኘ ግን እርሱን መምረጥ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም በብዙ አምራቾች መግለጫ የሥራ ከፍታው 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ወደሚለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሽቅብ ባሉ መንደሮች ለሚያገለግሉ መምህራን ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኤስ.ኤስ.ዲ. በየትኛውም ሥፍራ ቢሆን የሚመረጥ ነው፤ የሚሽከረከር አካል የለውም፣ መንገጫገጭን ይችላል፣ አሮጌውንም ኮምፒዩተር ያፈጥናል። 256 ጊጋባይት ለመጀመሪያ ይበቃል። ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት በሁለት መልክ መኖሩን ግን አለመርሳት ነው፤ በአንዳንድ ቦርድ ላይ ሁለቱም ቢሰኩም አንዱን ብቻ ያነባል። ሜሞሪን በተመለከተ 8 ጊጋባይት መነሻ፣ 16 ምቹ ነው። ዋጋው በናረበት በዚህ ወቅት ባለ 8 አንድ ገዝቶ ሁለተኛውን መሰኪያ ለነገ መተው አስተዋይነት ነው። ከሁለት መሰኪያ በታች ያለው ቦርድ ይህን ዕድል ስለሚከለክል አይገዛም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲላክ እያንዳንዱ ክፍል በየካርቶኑ ሆኖ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ተገጣጥሞ፣ ተነሥቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ ከታየ በኋላ መሆን አለበት። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ፣ የቦርዱ ሾፌር ፕሮግራሞች፣ የአማርኛ መጻፊያውና ፊደሎቹ እዚያው ተጭነው በፍላሽ ዲስክም ቅጂ ቢያዝ፣ በላስታ የኢንተርኔት መስመር ላይ ቀናት ከመጠበቅ ያድናል። ከዚያ ከባድ ማቀዝቀዣ ካለ ወልቆ ለብቻው ይጠቀለላል፤ በመንገድ ላይ ሲወዛወዝ ቦርዱን ይሰነጥቃል። ፕሮሰሰሩ ግን ከሶኬቱ ሳይወጣ ቢሄድ ይሻላል፤ በኢንቴል ቦርድ ላይ ጸጉር የሚያካክሉት እግሮች ያሉት በሶኬቱ ውስጥ፣ በኤ.ኤም.4 ደግሞ በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ሲሆን፣ አንዱ ከታጠፈ ማቃናቱ የዓይንና የትዕግሥት ሥራ ነው።

ላስታ ሲደርስ መልሶ የሚገጥመው ሰው የሱፍ በርኖሱን አውልቆ፣ ከኃይል የተነቀለውን የኬዙን ብረት በእጁ ነክቶ ይጀምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ሱፍ በሰው ገላ ላይ የሚያከማቸው ኤሌክትሪክ ሰውየው ሳይሰማው ሜሞሪን ሊገድል ይችላል። ደረሰኙ ላይም የቦርዱና የፓወር ሰፕላዩ መለያ ቁጥር መጻፉን ከሱቁ ሳይወጡ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዋስትና ሲጠየቅ ነጋዴው የሚያመሳክረው ያንን ቁጥር ነው።